ከፓስተር እስከ ጳውሎስ፦ የንቅለ ተከላና የኢንፌክሽን ታሪክ

በጉለሌ ክፍለ ከተማ ሁለት ታላላቅ ግቢዎች ተጎራብተው ይኖራሉ። አንደኛው ዛሬ የኢትዮጵያ ኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይባላል፤ የሰፈሩ ሰው ግን አሁንም ፓስተር ነው የሚለው። ሁለተኛው የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ ነው፤ የታክሲ ረዳቶች «ጳውሎስ! ጳውሎስ!» እያሉ የሚጠሩት። በአገራችን የመጀመሪያው የኩላሊት ንቅለ ተከላ የተካሄደው ጳውሎስ ውስጥ ነው፤ ዜናውም በሬዲዮና በቴሌቪዥን ተነግሮ ብዙዎቻችንን አስደስቷል። ረቂቅ ሕዋሳትን አድኖ የመለየቱ ሥራ ግን ከዚያ ስድሳ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ፓስተር ግቢ ተጀምሯል። እኔ ሁለቱን ታሪኮች ነጣጥዬ ማየት አልችልም።

ምክንያቱም ቀዶ ሐኪሙ ሥራውን በሰዓታት ይጨርሳል። ከዚያ የሚከተለው፣ ወራትና ዓመታት የሚፈጀው ትግል ከባክቴሪያ፣ ከቫይረስና ከፈንገስ ጋር ነው። በመቅኔ ንቅለ ተከላ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ለታካሚው ቀዶ ሕክምና የሚባል ነገር የለም፤ ከለጋሹ የተወሰደው መቅኔ ልክ እንደ ደም በደም ሥሩ ይሰጠዋል። ዋናው የሐኪሞቹ ጭንቅ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው፦ አዲሱ መቅኔ ሥር እስኪሰድ ድረስ ነጭ የደም ሴል የሌለውን ሰው በሕይወት ማቆየት።

ፓስተር የተመሠረተው በ1940ዎቹ (ዓ.ም.)፣ ከፓሪሱ የፓስተር ኢንስቲትዩት ጋር በተደረገ ስምምነት ነው። በዘመኑ የአገሪቱ ጭንቀት የእብድ ውሻ በሽታ፣ ፈንጣጣ፣ ተስቦ ነበር። ለእነዚህ ክትባት ማዘጋጀት፣ ናሙና መመርመር፣ ወረርሽኝ ሲነሳ ወደ ሥፍራው መዝመት የኢንስቲትዩቱ ድርሻ ሆነ። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1962 በኦሞና በዴዴሳ ሸለቆዎች ቢጫ ወባ ሲነሳ ቫይረሱን የተከታተሉት የፓስተር ሰዎች ናቸው፤ ዶክተር ሻርል ሴሪየና ባልደረቦቹ ከትንኝ፣ ከዝንጀሮና ከሰው ደም ናሙና እየሰበሰቡ ጥናታቸውን በዓለም ጤና ድርጅት መጽሔት አሳተሙ። ያ ወረርሽኝ ያጠቃው ሕዝብ ወደ መቶ ሺህ ይገመታል። ጉለሌ ላይ የነበሩት ባለሙያዎች በሽታን በስሙ ለይቶ መጥራትን፣ ማለትም ከታካሚው አካል ጀርሙን አውጥቶ ማየትን፣ ያን ጊዜ ነው የለመዱት።

በዚያው ዘመን ውቅያኖስ ማዶ ሌላ ነገር እየተሞከረ ነበር። ሂሮሺማና ናጋሳኪ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ሐኪሞች አንድ ነገር ተገንዝበዋል፤ ከፍንዳታውና ከቃጠሎው የተረፈው ሰው ከሳምንታት በኋላ ሲሞት መቅኔው ደርቆ፣ ደሙ መርጋት አቅቶት፣ በኢንፌክሽን ተወሮ ነው። ታዲያ የጠፋውን መቅኔ በጤነኛ ሰው መቅኔ መተካት ይቻል ይሆን? እ.ኤ.አ. በ1957 ዶክተር ዶናል ቶማስ በኒውዮርክ ክፍለ ግዛት ኩፐርስታውን በምትባል ትንሽ ከተማ ሆኖ ለስድስት ሕሙማን መቅኔ በደም ሥር መስጠቱን ጻፈ። ስድስቱም ብዙ አልቆዩም። በቀጣዩ ዓመት ጥቅምት ላይ በዩጎዝላቪያ ቪንቻ በተባለ የኑክሌር ማዕከል ስድስት ሰዎች በጨረር ተጎዱና ፓሪስ ተወሰዱ፤ ፕሮፌሰር ዦርዥ ማቴ ለአምስቱ መቅኔ ሰጣቸው። ከስድስቱ አንዱ ሞተ፣ የቀሩት ተረፉ።

በዚህ ሁሉ መካከል አንድ ታሪክ ከአእምሮዬ አይጠፋም። ማቴ እ.ኤ.አ. በ1963 በደም ካንሰር ለታመመ ወጣት ሐኪም የስድስት ዘመዶቹን መቅኔ ሰጠው። መቅኔው ያዘ። ካንሰሩ ጠፋ። በሰው ልጅ ታሪክ ከሌላ ሰው በተወሰደ መቅኔ ከሉኪሚያ ነጻ ሆነው ረዘም ላለ ጊዜ ከኖሩት የመጀመሪያው እሱ ነው። ሃያ ወር ያህል ከቆየ በኋላ ግን ሞተ። የገደለው ካንሰሩ አልነበረም፤ ሕፃናትን ጉድፍ የሚያስወጣው፣ አዋቂ ላይ ደግሞ እኛ አልማዝ ባለጭራ የምንለውን ቁስል የሚያመጣው ቫይረስ አንጎሉን አጠቃው። አብዛኛው ሰው ሳምንት ተኝቶ የሚድንበት ሕመም ትልቁን በሽታ ያሸነፈውን ሰው ጣለው። የመቅኔ ንቅለ ተከላ ታሪክ በሙሉ በዚህ አንድ ሰው ዕጣ ውስጥ አለ ብል ማጋነን አይመስለኝም።

በ1960ዎቹ መባቻ (ዓ.ም.) ከፓስተር አጠገብ አዲስ ሆስፒታል ተሠራ። ቀዳማዊ አፄ ኃይለ ሥላሴ ከጀርመን ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን ጋር ተባብረው ያሠሩት ቅዱስ ጳውሎስ ከመጀመሪያው የታሰበው ለድሃው ነው። ከፍሎ መታከም የማይችለው ከሽሮ ሜዳም ከክፍለ ሀገርም የሚመጣበት በር ሆነ። ፓስተር ደግሞ ቀደም ብሎ በመንግሥት እጅ ገብቶ ማዕከላዊ ላቦራቶሪና የምርምር ተቋም ሆኖ ነበር። ሁለቱ ጎረቤቶች በየፊናቸው ሥራቸውን ቀጠሉ፤ አገሪቱም ንቅለ ተከላን የምታስብበት ጊዜ ገና ሩቅ ነበር።

ውቅያኖስ ማዶ ግን ሙከራው ቀጥሏል፤ እ.ኤ.አ. በ1968 ሚኒሶታ ላይ ዶክተር ሮበርት ጉድ የበሽታ መከላከያ ሳይኖረው ለተወለደ ሕፃን የእህቱን መቅኔ ሰጥቶ አዳነ። ቶማስም ወደ ሲያትል ተሻግሮ ቡድኑን አጠናከረ። የለጋሽና የተቀባይን ሕብረ ሕዋስ ማዛመድ ሲቻል፣ መቅኔው የመያዝ ዕድሉ ከፍ አለ። ያኔ ነው እንግዲህ ኢንፌክሽኖቹ እውነተኛ መልካቸውን ያሳዩት። ታካሚዎች ቀድሞ በመቅኔው አለመያዝ ይሞቱ ነበር፤ አሁን ግን መቅኔው ይዞላቸው በሳምባ ምች መሞት ጀመሩ።

ሐኪሞቹ ቀስ በቀስ አንድ ሥርዓት አስተዋሉ፤ ጀርሞቹ የሚመጡት በዘፈቀደ አልነበረም፣ ተራቸውን ጠብቀው ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ሳምንታት ነጭ የደም ሴል ወደ ምንም ስለሚወርድ፣ የአፍና የአንጀት ስስ ሽፋንም አሮጌውን መቅኔ ለማጥፋት አስቀድሞ በሚሰጠው መድኃኒት ስለሚላጥ፣ በገዛ አንጀታችን የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ወደ ደም ይዘልቃሉ። ካንዲዳና አስፐርጊለስ የተባሉት ፈንገሶችም ይከተላሉ። መቅኔው ከያዘ በኋላ እስከ መቶኛው ቀን ድረስ ባለው ጊዜ ደግሞ ተራው የቫይረሶች ነው፤ በተለይም ሳይቶሜጋሎ ቫይረስ የሚባለው፣ በልጅነት ገብቶ ዕድሜ ልክ አድፍጦ የሚኖረው። ከመቶ ቀን በኋላ፣ አዲሱ መቅኔ የታካሚውን አካል እንደ ባዕድ ቆጥሮ የሚዋጋው ከሆነና መከላከያን የሚያዳክም መድኃኒት መውሰድ ግድ ካለ፣ እንደ ኒሞኮከስ ያሉ ባክቴሪያዎችና አልማዝ ባለጭራ ይመጣሉ።

እያንዳንዱ ተራ የራሱን መልስ እስኪያገኝ ብዙ ዓመት ወስዷል። ጄራልድ ቦዲና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1966 ነጭ የደም ሴል ባነሰ መጠን ኢንፌክሽን እንደሚበዛ በቁጥር አሳዩ፤ ዛሬም አንድ ሐኪም ኒውትሮፊል የተባለው ነጭ የደም ሴል ከ500 በታች የሆነበትን ታካሚ ትኩሳት ሲሰማ የላቦራቶሪ ውጤት ሳይጠብቅ አንቲባዮቲክ የሚጀምረው ከዚያ ወዲህ በመጣ ዕውቀት ነው። ኒሞሲስቲስ የተባለው ፈንገስ የሚያመጣውን የሳምባ ምች ኮትሪሞክሳዞል አስቀድሞ እንደሚከላከል በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ማገባደጃ ታወቀ። በ1981 አሲክሎቪር የአፍ ቁስል የሚያመጣውን ሄርፒስ ገታ። ከሁሉ ያስቸገረው ሳይቶሜጋሎ ነበር። ሲያትል ላይ ዶክተር ጆኤል ማየርስ በዚህ ላይ ብዙ ደከመ፤ ቫይረሱ ሳምባ ውስጥ ከገባ ከአሥር ታካሚ ስምንት ዘጠኙ ይሞት ነበር። በ1991 ጋንሲክሎቪርን አስቀድሞ መስጠት ሕይወት እንደሚያድን ተረጋገጠ፤ ማየርስ በዚያው ዓመት አረፈ። በቀጣዩ ዓመት ፍሉኮናዞል ካንዲዳን እንደሚከላከል ታየ።

ቶማስ እ.ኤ.አ. በ1990 የኖቤልን ሽልማት ሲቀበል ብቻውን አልነበረም። አብሮት የቆመው በ1954 ቦስተን ላይ የመጀመሪያውን የተሳካ የኩላሊት ንቅለ ተከላ በመንትያ ወንድማማቾች መካከል ያካሄደው ጆሴፍ መሪ ነው። ኩላሊትና መቅኔ በአንድ መድረክ ላይ የተገናኙት አለምክንያት አይደለም፤ በሁለቱም የታካሚው መከላከያ ይዳከማል፣ ሁለቱም ያንኑ ዋጋ ያስከፍላሉ። ይህ ለኋላው ታሪካችን ይጠቅመናልና ልብ ይሏል።

ወደ ጉለሌ እንመለስ። በሽታ መከላከያው የጠፋበትን ሰው ማከም የኢትዮጵያ ሐኪም የተማረው ከንቅለ ተከላ አይደለም። የተማረው ከኤድስ ነው። በአገራችን የኤች አይ ቪ የመጀመሪያ ምልክት በደም ናሙና ላይ የታየው እ.ኤ.አ. በ1984 ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን የታወቁት በ1986 ነው። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ በፓስተር ግቢ የኢትዮ-ኔዘርላንድስ የኤድስ ምርምር ፕሮጀክት ተቋቋመ። የአቃቂ ፋብሪካና የወንጂ ስኳር ሠራተኞችን ለዓመታት ተከታተለ። ከሥራዎቹ አንዱን ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም፦ ሲዲ 4 የሚባሉት የበሽታ መከላከያ ሴሎች በጤነኛ ኢትዮጵያዊ ደም ውስጥ ከሆላንዳዊ ይልቅ ዝቅ ብለው እንደሚገኙ አሳየ። የራሳችንን ሰው በራሳችን መለኪያ መመዘን እንዳለብን ጉለሌ ላይ በቁጥር ተረጋገጠ። ዛሬ ስለ ንቅለ ተከላ ታካሚ ክትትል ለሚያስብ ሰው ይህ ትልቅ ቅርስ ነው።

እነዚያን ዓመታት የሚያስታውስ ሰው ከጉለሌ ሽቅብ ወደ እንጦጦ ማርያም ጠበል የወጡትን ሕሙማን ያስታውሳል። ብዙዎቹን የገደለው ቫይረሱ ራሱ ሳይሆን ተከትሎት የመጣው ነው፦ ቲቢ፣ የአንጎል ክሪፕቶኮከስ፣ ኒሞሲስቲስ። በ1997 ዓ.ም. የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነጻ መታደል ጀመረ፤ ኮትሪሞክሳዞልም የሕሙማን የየዕለት ኪኒን ሆነ። ያ ርካሽ ኪኒን ሲያትል ላይ የመቅኔ ተቀባዮችን ከሳምባ ምች የታደገው ያው መድኃኒት ነው። ስለዚህ ንቅለ ተከላ ወደ አገራችን ሲገባ የኢትዮጵያ ነርስና ሐኪም እጅ ባዶ አልነበረም።

ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በኢትዮጵያ ሚሊኒየም መባቻ የሕክምና ትምህርት መስጠት ጀምሮ ኮሌጅ ሆነ። ከሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ጋር ወዳጅነት መሠረተ፤ ለዚህም በዚያው ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር የነበረችው ትውልደ ኢትዮጵያዊት ዶክተር ሰናይት ፍስሐ ድልድይ ሆነች። በመስከረም 2008 ዓ.ም. የኩላሊት ንቅለ ተከላ ማዕከሉ ሥራ ጀመረ። የሚሺጋኑ ቀዶ ሐኪም ዶክተር ጄፍሪ ፓንች ከኢትዮጵያውያን ሐኪሞች ጋር ተሰልፎ ሠራ፤ ዶክተር ሞሚና አህመድን የመሳሰሉ የኩላሊት ሐኪሞች ክትትሉን ተሸከሙ። ኩላሊት የሚሰጠው በሕይወት ያለ ዘመድ ነው። እናት ለልጇ፣ ወንድም ለእህቱ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ለተቀባዩ ዕድሜ ልክ የሚወሰድ መድኃኒት አለ፤ ታክሮሊመስ፣ ማይኮፌኖሌት፣ ፕሬድኒሶሎን። እነዚህ መድኃኒቶች ሰውነቱ አዲሱን ኩላሊት እንዳይጥል ያደርጋሉ፣ በዚያውም ለጀርሞች በር ይከፍታሉ። በዓለም ዙሪያ ኩላሊት ከተቀበሉ ሰዎች ብዙዎቹን የሚያገኛቸው የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ደግሞ የውጭው መጽሐፍ ብዙም የማይጨነቅባቸው እንግዶች አሉ፤ እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል።

አንደኛው ቲቢ ነው። ብዙዎቻችን ሳናውቀው ባክቴሪያውን ተሸክመናል፤ መከላከያችን እስኪደክም ይተኛል። ስለዚህ ከንቅለ ተከላ በፊት መመርመር፣ ካስፈለገም አይዞናያዚድ መውሰድ ግድ ነው። ሌላው ስትሮንጊሎይድስ የሚባል ደቃቅ ትል ነው። በባዶ እግሩ እርሻ ሲሄድ ያደገ ልጅ በቆዳው ያስገባዋል፤ ትሉ በአንጀት ውስጥ ራሱን እየተካ አሥርተ ዓመታት ምልክት ሳያሳይ ይቆያል። ባለቤቱ አድጎ፣ ከተማ ገብቶ፣ ታሞ ፕሬድኒሶሎን ሲጀምር ግን በመላ አካሉ ይሰራጫል፤ የአንጀት ባክቴሪያንም እየጎተተ ደም ውስጥ ይገባል። አስቀድሞ የሚወሰድ አይቨርሜክቲን ይህን ሁሉ ያስቀራል። ሄፓታይተስ ቢም በአገራችን ብዙ ነው፤ በመድኃኒት ካልተያዘ ንቅለ ተከላውን ተከትሎ ይነሳና ጉበትን ያጠፋል። ሳይቶሜጋሎ ቫይረስን በተመለከተ ደግሞ አዋቂ ኢትዮጵያዊ ገና በልጅነቱ ይዞታል ማለት ይቻላል። ለጋሹም ተቀባዩም አላቸው ብሎ መነሳት ይሻላል።

ንቅለ ተከላው በተጀመረ በሁለተኛው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ2017፣ ፓስተር የመድኃኒት መላመድን የሚከታተል ብሔራዊ ሥራ ጀመረ። ይህ ዜና እንደ ኩላሊቱ ዜና አልተጨበጨበለትም፤ ለእኔ ግን ከዚያ የሚያንስ አይደለም። በአዲስ አበባ ሆስፒታሎች ካርባፔነም ለሚባሉት የመጨረሻ መጠባበቂያ አንቲባዮቲኮች የማይበገሩ ክሌብሲየላና አሲኔቶባክተር መገኘታቸው በተደጋጋሚ ጥናት ታይቷል። ነጭ የደም ሴል የሌለው ታካሚ ትኩሳት ሲነሳበት ሐኪሙ ያለው ጊዜ የሰዓታት ነው። የደም ካልቸር ተወስዶ፣ ጀርሙ ተለይቶ፣ የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው ካልታወቀ፣ ሐኪሙ በጨለማ ነው የሚወረውረው። ካልቸር ማሳደጊያው፣ ባለሙያው፣ የማያቋርጥ መብራት ከሌለ የመቅኔ ንቅለ ተከላ መጀመር ታካሚን ለአደጋ መስጠት ነው፤ ይህን የምለው አገልግሎቱ እንዳይመጣ ፈልጌ ሳይሆን በሰላም እንዲመጣ ስለምመኝ ነው።

በ2012 ዓ.ም. ፓስተር ኮሮናን መመርመር ጀመረ፤ ከዚያ በፊት የተጠርጣሪዎች ናሙና ወደ ደቡብ አፍሪካ ነበር የሚላከው። መጋቢት 4 ቀን የመጀመሪያው ታማሚ ታወቀ። ጭምብል፣ እጅ መታጠብ፣ ርቀት መጠበቅ የአገር ቋንቋ ሆኑ። ንቅለ ተከላ ላደረገ ሰው ግን እነዚህ አዲስ አልነበሩም። እሱ ከሆስፒታል ሲወጣ የተነገረው ሁሉ ይኸው ነው፦ ከተጨናነቀ ቦታ ራቅ፣ ጥሬ ሥጋና ያልተፈላ ወተት ተው፣ ግንባታ ባለበት አቧራ አትለፍ፤ የአስፐርጊለስ ዘር በአቧራ ነውና የሚጓዘው። አዲስ አበባን ለሚያውቅ የመጨረሻው ምክር ምን ያህል እንደሚከብድ አይነገርም። ከሁሉ የሚከብደው ግን ጥየቃው ነው። ታሞ የተነሳን ሰው ዘመድ፣ ጎረቤት፣ ዕድርተኛ ሁሉ ሊጠይቀው ይመጣል፣ ሊስመውም ይፈልጋል። በር ላይ ቆሞ «አሁን አይቻልም» ማለት ለቤተሰቡ ነውር ይመስላል። እኔ ግን እንደ መድኃኒቱ ሁሉ ሐኪሙ ለቤተሰቡ ጽፎ ሊሰጠው የሚገባ ትእዛዝ ይመስለኛል።

መቅኔ የሚያስፈልገው ኢትዮጵያዊ መንገዱ እስካሁን ወደ ውጭ ነው፤ በብዛት ወደ ሕንድ። አንድ ዓይነት የደም ካንሰር፣ ክሮኒክ ማይሎይድ ሉኪሚያ፣ ከ2001 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ በኪኒን መታከም በመቻሉ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል መድኃኒቱን በእርዳታ እያገኘ ብዙ ሰዎችን ከዚህ ጉዞ አድኗል። ሌሎች የደም ካንሰሮች ግን፣ የደረቀ መቅኔም፣ አሁንም ንቅለ ተከላ ይጠይቃሉ። ከወንድም ወይም ከእህት ሙሉ ለሙሉ የመገጣጠም ዕድል ለእያንዳንዳቸው ከአራት አንድ ነው። ከዘመድ ውጭ መፈለግ ለጥቁር ሕዝብ ከባድ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ በ2014 በታተመ ጥናት ነጭ አሜሪካዊ በመዝገቡ ውስጥ ሙሉ ተመሳሳይ የማግኘት ዕድሉ 75 በመቶ ሲሆን፣ የአፍሪካ ተወላጅ ግን 18 በመቶ ብቻ ነው። በግማሽ የሚገጥም ዘመድን መጠቀም የሚያስችለው አዲሱ ዘዴ ይህን በር ከፍቷል፤ መከላከያው የሚያገግመው ዘግይቶ ስለሆነ ግን ቫይረሶቹን የበለጠ ነቅቶ መጠበቅ ይፈልጋል።

ከሕንድ የሚመለሰው ታካሚ ደብዳቤ ይዞ ይመጣል፤ የመድኃኒት ዝርዝር፣ የምርመራ ቀን፣ የክትባት ሰሌዳ። የመጨረሻው ብዙ ሰው ያስገርማል። አዲሱ መቅኔ የልጅነት ክትባቱን አያስታውስምና፣ ጎልማሳው ሰው ከንቅለ ተከላው ከስድስት ወር ገደማ ጀምሮ ቴታነስ፣ ፖሊዮ፣ ኒሞኮከስ፣ ሄፓታይተስ ቢ እንደገና ይከተባል። ሕያው ቫይረስ ያለባቸው፣ ለምሳሌ የኩፍኝ ክትባት፣ ቢያንስ ሁለት ዓመት ይጠብቃሉ፤ ቢሲጂ ግን ጭራሽ አይሰጠውም።

ሌሎች የአፍሪካ አገሮች ተራምደዋል። ናይጄሪያ በ2011 (እ.ኤ.አ.) በቤኒን ከተማ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የማጭድ ሴል ሕመም ላለበት ልጅ መቅኔ ሰጥታለች፤ ታንዛኒያ ከ2021 ወዲህ በሙሂምቢሊ ጀምራለች። ታንዛኒያ የጀመረችው ከራሱ ከታካሚው በተወሰደ ሴል፣ ማይሎማ በሚባለው የካንሰር ዓይነት ላይ ነው። ይህ አካሄድ ለእኛም ይበጃል ብዬ አምናለሁ። ሴሉ የራሱ ስለሆነ አካሉን አይዋጋም፣ መከላከያ አዳካሚ መድኃኒት ለወራት አይፈልግም፤ ነጭ የደም ሴሉ ወደ ባዶ የሚወርድባቸው ቀናትም ሁለት ሳምንት ያህል ናቸው። ሁለት ሳምንት የተጣራ አየር ያለው ክፍል፣ በየሰዓቱ ትኩሳት የምትለካ ነርስ፣ በዚያው ቀን ተነስቶ ወደ ላቦራቶሪ የሚገባ የደም ካልቸር። ጉለሌ ላይ ላቦራቶሪው ከሆስፒታሉ በእግር የሚደረስ ነው።